የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ገጹ አይከፈት፣ እርማቱ አይወጣ

የዚህ እትም ዓምድ በአብዛኛው የአንድ አንባቢ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው ለብዙ ዓመታት የሚከታተሉት የአካባቢ ጋዜጣ ድረ ገጹም ዘገባውም እንዳንገሸገሻቸው ይገልጻሉ። ቅሬታቸውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ስላወረዱት ከፋፍለን፣ ቅደም ተከተሉንም ቀይረን አቅርበነዋል። ከሌሎች ሁለት አንባቢያን የመጡ አጫጭር ጥያቄዎችም መጨረሻ ላይ አሉ። የጋዜጣውን ስም አላወጣንም፤ ችግሮቹ በብዙ ጋዜጦች ላይ የሚታዩ ስለሆኑ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ገጹን ስከፍት ለረጅም ጊዜ ነጭ ሆኖ ይቆያል። ማንበብ ስጀምር ጽሑፉ ወደ ታች ይሸሻል፤ ሊንክ ልነካ ስል ማስታወቂያ እነካለሁ። ሳላዘው ቪዲዮ ይነሳል። «አዳዲስ ዜና እንድንልክልዎ ይፈቅዳሉ?» የሚለው ሳጥን ደግሞ እምቢ ባልኩት ቁጥር ይመለሳል። ጥፋቱ የስልኬ ነው ወይስ የእነሱ?

መልስ፦ በአብዛኛው የእነሱ ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጡበት የጋራ ሥርዓት) ብዙ ጊዜ 3 ባይት ብቻ ስለሚይዝ 1000 ቃል ያለው ዘገባ 20 ኪሎባይት እንኳ አይሞላም። የሚከብደው በዙሪያው የሚጎተተው ማስታወቂያ፣ ቪዲዮና የጎብኚ መከታተያ ኮድ ነው። ብዙ የዜና ገጾች ሲከፈቱ ለእያንዳንዱ የማስታወቂያ ቦታ ጨረታ ይካሄዳል፦ ስልክዎ ለተለያዩ የማስታወቂያ ኩባንያዎች ጥያቄ ይልካል፣ የሚያቀርቡትን ዋጋ ይጠብቃል፣ ያሸነፈውን ምስል ያወርዳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በእርስዎ ባትሪና በእርስዎ ዳታ ነው።

ጽሑፉ የሚሸሸው ገጹን የሠራው ባለሙያ ለማስታወቂያው ቦታ ስላልያዘለት ነው። ማስታወቂያው ዘግይቶ ሲደርስ ከሥሩ ያለውን ሁሉ እየገፋ ይገባል። የሳጥኑን ቁመት አስቀድሞ በኮዱ ውስጥ መወሰን ችግሩን ያስቀረዋል፤ ከባድ ሥራም አይደለም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ለጋዜጣው ብዙ ምክንያት ልንፈልግለት አንችልም። ጉግል ለድረ ገጾች ያወጣው መለኪያ አለ፦ የገጹ ዋና ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ይታይ፣ የገጹ መንሸራተት ከ0.1 አይበልጥ፣ ለንክኪ የሚሰጠው ምላሽ ከ200 ሚሊሰከንድ አይለፍ። «ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ» በተባለው የጉግል ነፃ መሣሪያ ላይ የአንዱን ዘገባ አድራሻ ያስገቡ፤ በቂ ጎብኚ ላለው ገጽ ሦስቱንም ቁጥር ያወጣልዎታል። «ገጻችሁ ቀርፋፋ ነው» የሚል ደብዳቤ ማንም አይሰማውም። «ዋናው ይዘት የሚታየው ከ7 ሰከንድ በኋላ ነው፤ መለኪያው 2.5 ይላል» የሚለውን ግን ቴክኒክ ክፍሉ ወደ ጎን ሊተወው ይከብደዋል።

እስከዚያው ራስዎ ማድረግ የሚችሉት ይኸውና። ሳፋሪም ፋየርፎክስም የንባብ ገጽታ አላቸው፤ ዘገባውን ከከፈቱ በኋላ ከአድራሻው አጠገብ የምትታየውን የገጽ ምልክት ቢነኩ ጽሑፉና ፎቶው ብቻ ይቀራል። ነገር ግን ይህ ዓይንን ያሳርፋል እንጂ ዳታ ብዙ አይቆጥብም፤ ምልክቷን እስኪነኩ ድረስ ገጹ ከነማስታወቂያው ወርዶ አልቋል።

ቪዲዮውን በተመለከተ፣ ክሮም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድምፅ ያለው ቪዲዮ በራሱ እንዳይነሳ ይከለክላል፤ ድምፅ የሌለውን ግን ይፈቅዳል። ጋዜጦች ቪዲዮውን ድምፁን ዘግተው የሚያስነሱት በዚህ ክፍተት ነው፤ ዝም ቢልም ዳታውን ይበላል። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ባለው ፋየርፎክስ ውስጥ ወደ ሴቲንግ፣ ከዚያ ወደ ሳይት ፐርሚሽን፣ ከዚያ ወደ አውቶፕሌይ ገብተው «ድምፅም ቪዲዮም ይከልከል» የሚለውን ይምረጡ።

የኖቲፊኬሽኑ ሳጥን ጉዳይ ትንሽ ተንኮል አለበት። ሳጥኖቹ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ጋዜጣው ራሱ የሠራው፣ በራሱ ቀለምና አርማ ያሸበረቀው ነው፤ እዚያ ላይ «አሁን አይደለም» ቢሉ ብሮውዘሩ ምንም አይመዘግብም፣ ስለዚህ ነገም ይጠይቅዎታል። ሁለተኛው የብሮውዘሩ ሳጥን ነው፤ እሱ ላይ «ከልክል» ካሉ ጉዳዩ ያበቃል። ስለዚህ አንዴ የጋዜጣውን ሳጥን «እሺ» ብለው ይለፉ፤ የብሮውዘሩ ሲመጣ ይከልክሉ። ቀድሞ ፈቅደው ከሆነ ከአድራሻው በስተግራ ያለችውን ምልክት ነክተው ፈቃዱን መንሳት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ በየወሩ የምከፍል ደንበኛ ነኝ። ሆኖም ከቴሌግራም ወይም ከፌስቡክ ሊንክ በከፈትኩ ቁጥር «ለማንበብ ይክፈሉ» ይለኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ የፊት ገጹ የትናንቱን ዜና ያሳየኛል።

መልስ፦ ደንበኝነትዎን የሚያስታውሰው ኩኪ የሚባል ትንሽ ፋይል ነው፤ የሚቀመጠውም በገቡበት ብሮውዘር ውስጥ ብቻ ነው። ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና መሰሎቻቸው ሊንክ የሚከፍቱት ብዙ ጊዜ በውስጣቸው ባለ የራሳቸው ትንሽ ብሮውዘር ነው፤ እሱ ዘንድ እርስዎ እንግዳ ነዎት። በገጹ ጥግ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክተው «በብሮውዘር ክፈት» ይበሉ። ዘላቂው መፍትሔ በመተግበሪያው ሴቲንግ ውስጥ የውስጥ ብሮውዘሩን ማጥፋት ነው፤ ቴሌግራም ይህን ይፈቅዳል።

በዋናው ብሮውዘር ላይም እየደጋገመ ፓስወርድ ከጠየቀዎ ሁለት ነገር ይመልከቱ፦ ብሮውዘሩ ሲዘጋ ኩኪ እንዲያጠፋ ታዝዞ እንደሆነ፣ እና የስልክዎ ቀንና ሰዓት ትክክል መሆኑን። ቀኑ ወደፊት የሄደ ስልክ ኩኪውን ጊዜው እንዳለፈበት ቆጥሮ ይጥለዋል።

የትናንቱ የፊት ገጽ የሚመጣው ገጹ ሁለት ቦታ ስለሚከማች ነው፦ አንድም በስልክዎ፣ አንድም ጋዜጣው በሚከራያቸው አከፋፋይ ሰርቨሮች ላይ። የቱ እንደሆነ ለመለየት ከአድራሻው መጨረሻ ላይ የጥያቄ ምልክትና አንድ ቁጥር ይጨምሩ፤ ?1 ብለው ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ገጹ እንደ አዲስ ይጠየቃል። የዛሬው ዜና ከመጣልዎ የቆየው ቅጂ ከሁለቱ ክምችቶች በአንዱ ነው ያለው። ያለ ጭማሪው በብሮውዘሩ የግል መስኮት (ኢንኮግኒቶ) ይክፈቱት፤ እዚያም አሮጌው ከመጣ ጥፋቱ የጋዜጣው ክምችት ነው። ይህን የሦስት ደቂቃ ሙከራ ከሰዓቱ ጋር ጽፈው ይላኩላቸው።

ጥያቄ፦ ከጥቂት ዓመታት በፊት ያነበብኩትን ዘገባ ስፈልግ የጋዜጣው መፈለጊያ ሳጥን «ምንም አልተገኘም» ይላል። ዘገባው መኖሩን አውቃለሁ። ወይስ እያጠፉት ነው?

መልስ፦ ከማጥፋት ይልቅ መፈለጊያው ደካማ የመሆኑ ዕድል ይበልጣል። በተለይ በአማርኛ።

የብዙ ድረ ገጾች መፈለጊያ የሚያነጻጽረው ፊደል ለፊደል ነው። ለእኛ ጆሮ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ ለኮምፒውተር የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ዘገባው «ዓመት» ብሎ ከጻፈና እርስዎ «አመት» ብለው ከፈለጉ አይገናኙም። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብቻ ጋዜጦች ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሀይ እያሉ ሲጽፉት ይታያል። የአንድ ጋዜጣ ሁለት ዘጋቢዎች እንኳ በአንድ አጻጻፍ አይስማሙም። ስሞች ላይ ሲደርስ ይብሳል፦ «ገብረ መድኅን» ተነጣጥሎ፣ «ገብረመድህን» ተጋጥሞ፣ «ገ/መድህን» በእዝባር ታጥሮ ሊመጣ ይችላል።

ስለዚህ በሚከተለው መንገድ ይሞክሩ። መጀመሪያ ሞክሼ ፊደል የሌለበት ቃል ይምረጡ፤ «ድልድይ»፣ «ቤተ መጻሕፍት» ከሚሉት «ድልድይ» ይሻላል። ካልሆነ በጣም የተለመዱትን ሁለት ሦስት አጻጻፎች እየቀያየሩ ይሞክሩ። ቀጥሎ የጋዜጣውን ሳጥን ትተው በጉግል ይፈልጉ፦ «ሳይት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በላቲን ፊደል ይጻፉ፣ ሁለት ነጥብ (:) ያስከትሉ፣ ቦታ ሳይተዉ የጋዜጣውን አድራሻ ይቀጥሉ፣ ከዚያ አንድ ክፍት ቦታ ትተው የሚፈልጉትን ቃል ይጻፉ። ሁለቱ ነጥብ የላቲኑ መሆን አለበት። የአማርኛ ኪቦርድ ላይ እንዳሉ ከጻፉት ፡ ይገባና ትእዛዙ አይሠራም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጉግል አንዳንድ ሞክሼ ፊደላትን በራሱ ያቀራርባል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

የቆዩ እትሞች በፒዲኤፍ ብቻ ከተቀመጡ ሌላ ችግር ይመጣል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ማተሚያ ቤቶች ይሠሩባቸው የነበሩት ፎንቶች የአማርኛን ቅርጽ በላቲን ፊደል ኮድ ላይ የሚስሉ ነበሩ። ገጹን ሲያዩት አማርኛ ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚያየው ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ነው። ለመለየት አንድ መስመር መርጠው ኮፒ አድርገው መልእክት መጻፊያ ላይ ይለጥፉ። የተለጠፈው ላቲንና ምልክት ከሆነ ያ ፋይል በየትኛውም የአማርኛ ቃል ሊገኝ አይችልም። ገጹን እንደ ምስል ወስዶ ፊደል በሚያነብ ፕሮግራም ማለፍ ያስፈልጋል፤ «ቴሴራክት» የተባለው ነፃ ፕሮግራም የአማርኛ ፋይል አለው። ጥራት ባለው ቅኝት ላይ ደህና ያነባል፤ በደበዘዘ ገጽ ላይ ግን ተመሳሳይ ቅርጽ ያላቸውን ፊደላት ስለሚያምታታ ስምና ቁጥርን በዓይን ሳያመሳክሩ አይጠቀሙበት።

አድራሻው ካለዎትና ገጹ «አልተገኘም» ካለ ደግሞ ወደ ዌይባክ ማሽን ይሂዱ። ይህ ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሕዝብ የከፈተው የድረ ገጾች ማከማቻ ነው። አድራሻውን ሲያስገቡ ገጹ የተቀመጠባቸውን ቀናት በካላንደር ያሳያል። ጋዜጦች ድረ ገጻቸውን በአዲስ ሲያሠሩ የድሮ አድራሻዎችን ወደ አዲሱ የሚመራ መንገድ ሳይተዉ ስለሚያልፉ፣ ጽሑፉ በሰርቨሩ ላይ እያለ ሊንኩ ይሞታል። ጋዜጣው ይህን ማስተካከል ይችላል፤ የሞቱ አድራሻዎችን ዝርዝር ቢልኩላቸው ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ ጠዋት ያነበብኩት ዘገባ ማታ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። አንድ አንቀጽ ወጥቷል፣ ርእሱም ተቀይሯል፤ የትም ቦታ ላይ ግን «ተስተካክሏል» አይልም። ቴሌግራም ላይ የተጋራው ርእስ አሁንም የድሮው ነው።

መልስ፦ እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። በሂደት ላይ ያለ ዜና ሲታደስ መለወጡ ጤነኛ ነው፤ ከላይ «ታድሷል» ብሎ ሰዓቱን መጻፍ በቂ ነው። ታትሞ የተነበበ ስህተትን ወይም ክስን በዝምታ መሰረዝ ግን ሌላ ነው፤ ጠዋት ያነበበው ሰው ስህተቱን ይዞ ይቀራል። ይህን የሚያደርግ ጋዜጣ ጥፋቱን አላረመም፣ ማስረጃውን ነው ያነሳው።

የርእሱ መለያየት ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አብዛኞቹ የዜና ማቀናበሪያ ሥርዓቶች ለአንድ ዘገባ ሦስት ርእስ ይቀበላሉ፦ ለገጹ፣ ለመፈለጊያ ሞተሮች፣ ለማኅበራዊ ሚዲያ። አዘጋጁ የገጹን አርሞ የማጋሪያውን ሊረሳው ይችላል። ሁሉንም ቢያርም እንኳ ቴሌግራምና ፌስቡክ የመጀመሪያውን ርእስ ያስቀምጡታል። ቴሌግራም ላይ ቅጂው የሚታደሰው «ዌብፔጅቦት» ለተባለው ቦት ሊንኩን በመላክ ነው፤ ይህን ማንም ሰው፣ እርስዎም ጭምር፣ ማድረግ ይችላል።

ለውጡን ለማስረዳት ስክሪንሾት ብቻውን ደካማ ነው። ካነሱም አድራሻው፣ ቀኑና ሰዓቱ በምስሉ ውስጥ ይግቡ። የሚሻለው አወዛጋቢ መስሎ የታየዎትን ዘገባ ገና ሲያነቡት ዌይባክ ማሽን ላይ «ገጹን አሁን አስቀምጥ» በሚለው ማስቀመጥ ነው፤ ቀንና ሰዓቱን የሚመዘግበው ሦስተኛ ወገን ስለሆነ ማንም «አቀናብረኸው ነው» አይልዎትም። ሁለት ቅጂ ከተገኘ «ለውጦች» በሚለው ክፍል ጎን ለጎን አድርጎ የወጣውንና የገባውን በቀለም ያሳያል። ከክፍያ አጥር ጀርባ ያለ ገጽ ግን አይቀመጥለትም፤ ለዚያ ከብሮውዘሩ የማተሚያ ትእዛዝ ወደ ፒዲኤፍ ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ ዘገባዎቹ ሁሉ «ተገለጸ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ተባለ» ናቸው። አንብቤ ስጨርስ ማን እንዳለው አላውቅም። ቁጥሮቹም አይገጥሙም። ይህን ስህተት ብዬ ልክሰሰው እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም፤ ግን ሊጠይቁበት ይችላሉ። «ተገለጸ» ብሎ መጀመር ብቻውን ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ የገለጸው ሰው ሳይመጣ ሲቀር ነው። ዘገባውን ይዘው ሦስት ነገር ያስምሩ፦ በስም የተጠቀሰ ሰው፣ ያ ሰው ነገሩን በምን እንዳወቀ፣ ከእሱ የተለየ ጥቅም ያለው ሁለተኛ ሰው። ሦስተኛው ከሌለና አንድ ሕዝብ ግንኙነት ብቻ ከተገኘ ያነበቡት ጋዜጣዊ መግለጫ ነው። ለማረጋገጥ አንድ ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር በትምህርተ ጥቅስ አድርገው ይፈልጉ፤ ቃል በቃል በሌሎች ጋዜጦችና በተቋሙ ገጽ ላይ ከተገኘ ዘጋቢው ከቢሮው አልወጣም። ስሙ ያልተገለጸ ምንጭ ሲኖር ደግሞ ስሙ ለምን እንደተደበቀ መጻፍ አለበት። «ለመናገር ሥልጣን ስለሌላቸው» ማለት እንኳ ከምንም ይሻላል።

ቁጥር ላይ በብዛት የሚገኙት ጥፋቶች ጥቂት ናቸው። ሥራ አጥነት ከ4 በመቶ ወደ 6 በመቶ ሲሄድ ጭማሪው 2 የመቶኛ ነጥብ ነው፤ በመቶኛ ከተሰላ 50 በመቶ ነው። «2 በመቶ ጨመረ» የሚል ዘገባ ሁለቱንም ስቷል፤ ይህ ንጹሕ ስህተት ስለሆነ እርማት ይጠየቅበታል። አማካይም ያታልላል፦ ዘጠኝ ሠራተኞች 10፣ አሥረኛው 110 ቢያገኙ አማካዩ 20 ነው፤ 20 የሚያገኝ ግን አንድም ሰው የለም። «በእጥፍ አደገ» ሲባል ከስንት ወደ ስንት እንደሆነ ካልተጻፈ ምንም አልተባለም። የሕዝብ አስተያየት ጥናት ደግሞ 1000 ሰው በዕጣ ጠይቆ ከሆነ የስህተት ወሰኑ ወደ 3 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ወደላይና ወደታች ነው፤ ስለዚህ 48 ለ46 «መሪነት» ተብሎ በትልቅ ርእስ መውጣት የለበትም።

ርእሱና ዘገባው ካልተጣጣሙ ዘጋቢውን አይውቀሱ። ርእስ የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ አዘጋጁ ነው፤ ቅሬታዎም ለእሱ ይሂድ።

ጥያቄ፦ ስህተታቸውን ሁለት ሦስት ጊዜ ጻፍኩላቸው። መልስ የለም። እንዴት ብዬ ብጽፍ ነው የሚሰሙኝ?

መልስ፦ የላኩልንን የደብዳቤዎን ቅጂ አይተነዋል፤ ለምን እንዳልተመለሰ መገመት አያዳግትም። አራት ገጽ ነው፣ ሰባት ቅሬታ አለው፣ የተላከው ለአጠቃላይ የመረጃ ኢሜይል ነው፣ ዘገባው የቱ እንደሆነ የሚታወቀው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው። ያንን ሳጥን የሚከፍተው ሰው ብዙ ጊዜ የማስታወቂያ ክፍል ሠራተኛ ነው።

አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ስህተት። የሚላከው ለዘጋቢው ሆኖ ግልባጩ ለሚመለከተው አዘጋጅ ይሁን፤ ለዘጋቢው ብቻ ከላኩ በዝምታ ሊስተካከል ይችላል፣ ለአለቃው ብቻ ከላኩ ዘጋቢው መከላከል ይጀምራል። በኢሜይሉ ርእስ ላይ «የእርማት ጥያቄ» ብለው የዘገባውን ርእስና ቀን ያስከትሉ። አካሉ ከ150 ቃል ባይበልጥ ይመረጣል። ይዘቱ ይህን ይመስላል፦

«በዚህ አድራሻ የወጣው ዘገባችሁ ሦስተኛ አንቀጽ ላይ ‹አባላቱ በጀቱን በሙሉ ድምፅ አጸደቁ› ይላል። የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ገጽ 4 ላይ ግን 21 ድጋፍ፣ 6 ተቃውሞና 2 ድምፀ ተአቅቦ ተመዝግቧል፤ ገጹን አያይዣለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ‹አባላቱ በጀቱን በ21 ድጋፍ፣ በ6 ተቃውሞና በ2 ድምፀ ተአቅቦ አጸደቁ› ተብሎ እንዲታረምና እርማቱ በዘገባው ሥር እንዲገለጽ እጠይቃለሁ። ለማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ስልኬ ከታች አለ።»

ልብ ይበሉ፤ ስህተቱ ቃል በቃል ተጠቅሷል፣ ማስረጃው ከነገጽ ቁጥሩ አለ፣ ምትኩ ዓረፍተ ነገር ተዘጋጅቷል። ሥራ የበዛበት አዘጋጅ አንድ ነገር ማመሳከር ብቻ ነው የሚቀረው። «ሆን ብላችሁ ነው»፣ «ተከፍሏችሁ ነው» የሚለውን ይተዉት፤ እውነት ቢሆን እንኳ ማረጋገጥ አይችሉም፣ ዓይናቸውንም ከስህተቱ ወደ ስድቡ ይመልሰዋል። ማስረጃው አንድ ገጽ ከሆነ አንዱን ገጽ ብቻ ያያይዙ፤ ከባድ ፋይል ኢሜይሉን ያስመልሰዋል።

ምን እየጠየቁ እንደሆነም ይወቁ። እርማት ለተሳሳተ ነገር ነው፦ ስም፣ ቁጥር፣ ቀን፣ የተዛባ ጥቅስ። ማብራሪያ እውነት ሆኖ ለሚያሳስት ነገር ነው። ስለ እርስዎ ክስ ወጥቶ ሐሳብዎ ካልተካተተ የሚጠይቁት መልስ የመስጠት መብትን ነው። ዘገባው ሚዛን አጣ፣ ዋናውን ጉዳይ ዘለለ የሚል ከሆነ ደግሞ እርማት አይገኝም፤ ለአንባቢያን ደብዳቤ ዓምድ ይጻፉት። ሰዎች ሁሉንም «ስህተት» ብለው ስለሚልኩ እውነተኛው ስህተት አብሮ ይጣላል።

ሦስት የሥራ ቀን ይጠብቁ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ኢሜይል አስከትለው ለዋና አዘጋጁ ይላኩ። አንዳንድ ጋዜጦች የአንባቢን ቅሬታ ብቻ የሚመረምር ሰው አላቸው። የጃፓኑ አሳሂ ሺምቡን በ1922 እ.ኤ.አ. ቅሬታ የሚቀበል ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው የአንባቢያን እንባ ጠባቂ በሉዊቪል ኩሪየር ጆርናል በ1967 ተሾመ። ቦታው ግን ወጪ መቀነስ ሲመጣ ቀድሞ የሚታጠፍ ነው፤ ኒው ዮርክ ታይምስ እንኳ በ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ2017 እ.ኤ.አ. ዘግቶታል።

ጋዜጣው ራሱ ካልሰማ ቀጣዩ በአባል ጋዜጦች ላይ የሚቀርብን ቅሬታ የሚያየው የፕሬስ ምክር ቤት ነው፤ ጋዜጣው አባል መሆኑን አስቀድመው ያጣሩ። ከእነዚህ ውስጥ ቀደምት የሆነው የስዊድኑ ከ1916 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ምክር ቤቶች የጊዜ ገደብ አላቸው፤ ለምሳሌ የብሪታንያው የጋዜጦች ቅሬታ ተቀባይ ኢፕሶ በመደበኛነት ከታተመበት ቀን ጀምሮ በ4 ወር ውስጥ የቀረበን ቅሬታ ነው የሚያየው። መጀመሪያ ለጋዜጣው መጻፍዎንም ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ የላኩትን ሁሉ ከነቀኑ ያስቀምጡ። መልስ የመስጠት መብት በሕግ መኖር አለመኖሩ እንደየአገሩ ነው። ፈረንሳይ በ1881ዱ የፕሬስ ሕጓ ደንግጋዋለች፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1974 እ.ኤ.አ. የፍሎሪዳን ተመሳሳይ ሕግ ለጋዜጦች ሽሮታል። የአገርዎን የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ሳያዩ «በሕግ ትገደዳላችሁ» ብለው አይጻፉ።

እርማቱ ሲወጣ ደግሞ ይመርምሩት። ደህና እርማት ምኑ እንደተሳሳተ፣ ትክክሉ ምን እንደሆነና መቼ እንደታረመ ይናገራል፤ የሚቀመጠውም ራሱ ዘገባው ላይ ነው። «በቀደመው ዘገባ ለተፈጠረው ክፍተት ይቅርታ» የሚል መስመር ማንንም አያርምም። ዘገባው በማኅበራዊ ሚዲያ ተጋርቶ ከነበረ እርማቱም እዚያው መጋራት አለበት፤ ይህን በጥያቄዎ ውስጥ ይጨምሩ፣ ካልጠየቁ አይደረግም።

ጥያቄ፦ ከብዙ ዓመት በፊት ተከስሼ ነበር፤ በነፃ ተለቀቅሁ። ጋዜጣው የክሱን ዘገባ እንዲያጠፋ ማድረግ እችላለሁ? (ስማቸው እንዳይጠቀስ የፈለጉ አንባቢ)

መልስ፦ «አጥፉ» ካሉ ብዙ ጊዜ እምቢ ይባላሉ፤ ክሱ መኖሩ እውነት ስለሆነ ጋዜጦች መዝገባቸውን መሰረዝ አይወዱም። «ውጤቱን ጨምሩበት» ካሉ ግን እምቢ ለማለት ምክንያት አያገኙም። የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ቅጂ አያይዘው ከዘገባው አናት ላይ ውሳኔውና ቀኑ እንዲገባ ይጠይቁ፤ ታች ከሆነ አይነበብም። ሁለተኛው ጥያቄ ገጹ በመፈለጊያ ሞተሮች እንዳይታይ በኮዱ ውስጥ ምልክት እንዲያስገቡ ነው፤ ዘገባው ይቀራል፣ ስምዎን ጉግል ላይ የጻፈ ሰው ግን አያገኘውም። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ያለ ሰው ከ2014 እ.ኤ.አ. የኅብረቱ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ይህን ራሱ ለጉግል ማመልከት ይችላል።

ጥያቄ፦ የፊት ገጹን ሳልከፍት ዘገባዎቹን ብቻ የማገኝበት መንገድ አለ? (የኢንተርኔት ዳታ የሚቆጥብ አንባቢ)

መልስ፦ አርኤስኤስ አለ፤ የድረ ገጹ አዳዲስ ዘገባዎች በዝርዝር የሚመጡበት መንገድ ነው። ብዙ የጋዜጣ ድረ ገጾች ወርድፕሬስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም የተሠሩ ናቸው፤ በእነሱ ላይ ከዋናው አድራሻ ቀጥሎ እዝባርና «ፊድ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በላቲን ፊደል ሲጨምሩ የአዳዲስ ዘገባዎች ዝርዝር ይመጣል። በኮድ የተሞላ ገጽ ከታየዎ አይደንግጡ፤ ይህ መሥራቱን ነው የሚያሳየው። ያንን አድራሻ ኮፒ አድርገው እንደ «ፊድሊ» ባለ የአርኤስኤስ ማንበቢያ ውስጥ ያስገቡ፤ ኮምፒውተር ላይ ኢሜይልዎን በተንደርበርድ የሚያነቡ ከሆነ እሱም ይቀበለዋል። አንዳንድ ጋዜጣ ሙሉውን ጽሑፍ ይልካል፣ አንዳንዱ መግቢያውን ብቻ። መግቢያው ብቻ ከመጣ የሚፈልጉትን ዘገባ መርጠው እሱን ብቻ ይከፍታሉ። የስፖርቱን ወይም የምጣኔ ሀብቱን ዓምድ ብቻ ከፈለጉ የዓምዱን ገጽ ከፍተው በዚያ አድራሻ መጨረሻ ላይ ያንኑ ቃል ይጨምሩ።